ሳሙና አልነበረም

ለሙልዬ፣ ለእኔዋ ሙሉነሽ፤

ከተለየሽኝ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። የዓመቱን ተዝካር አውጥቼልሻለሁ፤ ትንሽ ነበር፣ ግን ሰው አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ ልጽፍልሽ እያልኩ ሁለት ጊዜ ወረቀት ገዝቼ ወረቀቱ ለሌላ ነገር ዋለ። እንደምታውቂው ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ እስክሪብቶ ስይዝ ላብ ያጠምቀኛል። ዛሬ ግን እሑድ ነው፣ ከቅዳሴ ተመልሼ እስክሪብቶውን ይዣለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። የወንዙን ዳር ሰፈር ጀሪፍን ለቅቄያለሁ። አሁን ያለሁት ዴም የሚባለው ሰፈር ነው፤ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ክፍል ተከራይቻለሁ። መስኮቷን ስከፍታት የጎረቤት ግድግዳ ነው የሚያየኝ። ሥራዬ የመጋዘን ዘበኝነት ሆኗል፤ የቀኑን ተራ ነው የምይዘው። አልጋችንን ይዤ መጥቻለሁ። የልብስ ማጠቢያ ሳፋሽን ጓደኛሽ ከዲጃ ወሰደችው፤ እኔ ነኝ ውሰጂው ያልኳት። ሎሚሽ እዚያው ቀረች። ዛፍ በአውቶቡስ አይጫን ነገር።

ለምን ከጀሪፍ ወጣህ ትይኝ ይሆናል። በስምሽ የተነሣ ነው፣ ሙልዬ። ያጠፋሁትን ስምሽን ልመልስ ብዬ ነው የወጣሁት። ተመልሶ እንደሆነ ሰምተሽ ፍረጂ።

የሐጂን መሬት ስንረከብ ትዝ ይልሽ የለ? ልጆቻቸው ወደ ዐረብ አገር ሄደውባቸው፣ እርጅናው ተጭኗቸው፣ ከወንዙ ዳር ያለችውን ቁራሽ እንድናለማ፣ ከዳሯ ባለችውም ክፍል እንድንኖር ሰጡን። እኔ ቀን ቀን ጡብ መተኮሻው ጋ ነበርኩ፤ ደቡቦቹ የራሳቸውን አገር መሥርተው ሲለዩ ብዙዎቹ ሠራተኞች ሄደው ቦታው ክፍት ነበር። ስለዚህ መሬቱ ያንቺ ነበር ማለት ይቻላል። በመጀመሪያው ሳምንት ጎንበስ ብለሽ ከአፈሩ ቆንጥረሽ ምላስሽ ላይ አደረግሽው። እኔ ደነገጥኩ። «የቆቦ ሰው ሳይቀምስ አይዘራም» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ከዚያ እንትፍ አልሽና፣ «ይህ መራራ ነው፤ ፍግ በብዛት፣ ውኃም እስኪጠግብ ነው የሚፈልገው። ጥቂት ጥቂት ካጠጣነው ከታች ያለውን ጨው ወደ ላይ ይጠራብናል» አልሽ።

እንዳልሽውም አደረግሽ። በሐጂ የውኃ ሞተር መደቡ እስኪሞላ ታጠጪና ለቀናት ትተዪዋለሽ። ከረጢት ይዘሽ በየበጉ በረት ትዞሪያለሽ፤ የበግ በጠጥ፣ የደረቀ ቅጠል፣ የመሉኺያ ጎመን ግንድ፣ አንድም ነገር አትጥይም። በሁለተኛው ዓመት አፈሩ ጠቁሮ፣ ሲጨብጡት ተሰብስቦ ሲለቁት የሚፈረፈር ሆነ። ጂርጂርሽን፣ ያን የሰላጣ ቅጠል፣ ሴቶቹ ከማሳው ድረስ እየመጡ ይወስዱት ነበር። ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ ከታችኛው ጠርዝ ደለል ጥሎ ይሄዳል፤ ጎረቤቶቹም ይህ አፈር ከናንተ አገር ነው የመጣው ይሉን ነበር። አንቺ፣ «እሱማ እንደኛው ነው፤ ያለ ወረቀት ድንበር የተሻገረ። ብቻ እሱን ፖሊስ መኖሪያ ፈቃድ አይጠይቀውም» ስትይ ሐጂ እንኳ እንባቸው እስኪፈስ ይስቁ ነበር።

እኔ ደግሞ የጎጃም ሰው ነኝ። በእኛ ቀዬ ዝናቡ ያጠበው ቀይ መሬት አመድ ካልቀመሰ ድንቹ አይወፍርም። አባቴ የምድጃ አመድ መንገድ ላይ የሚደፋ ሰው ሲያይ እህል የተደፋ ያህል ይቆጣ ነበር። ጡብ መተኮሻው ጋ ደግሞ የአመድ ተራራ ቆሟል፤ ለሚወስደው ሁሉ በነጻ። እጄን በላኝ። ስነግርሽ ከሥራሽ ቀና አልሽና፣ «ተው ታዴ። ያንተ አገር መሬት ኮምጣጣ ነው፣ አመድ ያለዝበዋል። ይህ ግን መራራ ነው፤ በመራራ ላይ መራራ አትጨምርበት» አልሽኝ። እኔም፣ «አንቺ የቆላ ልጅ፣ ጎጃሜን እርሻ ልታስተምሪው?» አልኩሽ። ቀልድ አስመስዬ ነው ያልኩት። ቀልድ አልነበረም።

ከዚያ አንቺ እኅትሽን ልታርሺ ወደ ገዳሪፍ ሄድሽ። ያችን ወር ጠበቅሁ ማለት ነው። በአህያ ጋሪ እያመላለስኩ መሬቱን አመድ አለበስኩት፤ ከላይ ከላዩ ገለበጥኩት፤ ውኃውንም እንደኔ ልማድ ጠዋት ማታ እፍኝ እፍኝ አጠጣሁት። ስትመለሺ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ፣ መሬቱ ነጭ ቅርፊት አውጥቶ ጠበቀሽ። ከረጢትሽን አንሥተሽ ወደ በጎቹ በረት ሄድሽ። ብትቆጪኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ሐጂ በበትራቸው ተደግፈው የመጡት በሳምንቱ ነው። «መሬቴን ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» ሲሉ አንቺ አጠገቤ ቆመሻል። የሰው ልብስ ታጥቢ ነበርና አፌ ያንን ያዘ፤ «የሳሙና ውኃ እየደፋችበት ነው» አልኩ። እንዴት እንደወጣኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሳሙናውን ውኃ ከአጥር ውጭ እንጂ አንድ ቀንም ከማሳው እንዳልደፋሽው እኔም አንቺም እናውቃለን። ሐጂ ሰው እየሰማ፣ «አንቺ ሴት፣ መሬቴን ለጁምዓ ሰላት ልታጥቢልኝ ነው እንዴ?» አሉሽ። ሰው ሳቀ። አንቺ ነጠላሽን ወደ ፊትሽ ሳብ አድርገሽ «ይቅርታ ሐጂ» አልሽ። ዞረሽ እንኳ አላየሽኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእጣቢውን ውኃ በሁለት ባልዲ ተሸክመሽ ሁለት መንገድ ተሻግረሽ ትደፊው ጀመር። ላልሠራሽው ጥፋት ቅጣቱን ራስሽ ቆረጥሽ። እኔ በራፉ ላይ ቆሜ አይሻለሁ፤ አንዱን ባልዲ እንኳ አልተቀበልኩሽም፤ ብቀበልሽ ጥፋቴን ያመንኩ መሰለኝ። ወገቤን ስትይ፣ ኋላም ኩላሊት ነው ሲሉን፣ ሐኪሙን ለብቻው ይዤ ከሸክም ይመጣል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አይገናኝም አለኝ። እሱ አይገናኝም ብሏል፤ እኔ ግን ዳዊት ስደግም መሐል ላይ ያ ባልዲ ይመጣብኛል።

ሆስፒታል ተኝተሽ በነበርሽበት ጊዜም መንገድ ሰጥተሽኝ ነበር። አንድ ቀን ትራስሽን ሳስተካክል፣ «ላዩን ስንዝር ያህል ግፈፈው፣ ከሥሩ ደህና ነው፤ ከዚያ ውኃ አስተኛበት» አልሽኝ። ስለ ምን እንደምታወሪ ገብቶኛል። ግን አካፋ አላነሣሁም። ብገፍፈው አመዱን ያየው ሰው ይጠይቀኛላ! ይቅር በይኝ ሳልልሽ ከሆስፒታል ወጣሁ። በማግስቱ ስመጣ አንቺ አልነበርሽም።

ለቅሶሽ ላይ ሐጂ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው መጡ። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልሽና፣ «አላህ ይማራት፤ መሬቴን በሳሙና ብታበላሽም ልቧ ንጹሕ ነበር» አሉ። እኔ «አሜን» አልኩ። ሙልዬ፣ በሬሳሽ ላይ አሜን አልኩ።

ከዚያ የዘራሁት ሁሉ ቀጨጨ። በመጨረሻ ሐጂ መሬቱ ሞቷል፣ ሳሙና የገባበት አይድንም ብለው አፈሩን ለጡብ ሠሪዎች ሊሸጡት ተስማሙ። ጡብ ሠሪ ሲቆፍር የሰው ወገብ ያህል ነው የሚወርደው፤ ከዚያ በኋላ እርሻ የለም፣ ጉድጓድ ነው። የጡቡ አለቃ አፈሩን ሊያይ መጥቶ ጥልቅ አድርጎ ቆፈረ፤ እኔም አብሬው ወረድኩ። የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ሁሉም ይታያል። ከላይ ስንዝር የምታህል ግራጫና ነጭ፤ የኔ ሥራ። ከሥሯ ጥቁሩ፣ የሥር ጭራ የሞላበት፣ የበግ በጠጥሽ ገና ያልበሰበሰው ሳይቀር የሚታይበት፤ ያንቺ። ከዚያ በታች እንደ መጽሐፍ ቅጠል በላይ በላዩ የተነባበረ የወንዙ ደለል። አለቃው፣ «ነጯ ለጡብ አትሆንም፤ ጡቡ ጨው ያወጣና ይላጣል። ጥቁሩ ግን ወላሂ ለጡብ ማዋሉ ያሳዝናል» አለ። ከነጯ ውስጥ የከሰል ስብርባሪ አውጥቶ አገላበጠና ሳቁ መጣ፤ «አንተ ታደሰ፣ ይህማ የኛ አመድ ነው! እኛ ጡብ እንተኩሳለን፣ አንተ ማሳ ትተኩሳለህ?» መቆፈሪያውን ዲገር የሚያመጡት ከሳምንት በኋላ ነው ብሎኝ ሄደ።

ያን ዓርብ ከዲጃ መጣች። ቡሪ ሰፈር ከምትሠራበት ቤት ዕረፍቷን ስትወጣ እስካሁን ድረስ ቤቴን ሳትጠርግ፣ እኔንም ሳትቆጣ አትሄድም፤ ስላንቺ ብላ ነው። ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ለካ ታውቅ ኖሯል፤ ነግረሻት ነበር፣ ለማንም እንዳትናገር አስምለሽ። መጥረጊያዋን ጥላ፣ «ጋሼ፣ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አትቀምስም፤ የሷን ስም እየበላህ ስትኖር ግን ጾም አይደለም? እሷ አፈር ውስጥ ሆና እንኳ ያንተን ባልዲ እየተሸከመች ነው» አለችኝ። የወሎ ሴት ምላስ ታውቂዋለሽ። ያለቀሰችው ግን እሷ ናት።

በነጋታው ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ሐጂ ደጅ ሄድኩ። ከመሬቱም ከቤቱም እንደሚያስወጡኝ እያወቅሁ ነው የሄድኩት፤ ይህን የምነግርሽ እንድታመሰግኚኝ አይደለም፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አፌን የዘጋው ይኸው ፍርሃት እንደነበረ እንድታውቂው ብዬ ነው። በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛዬ ነገርኳቸው። ሳሙና አልነበረም፣ አመድ ነበር፣ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ እሷ ተው ብላኝ ነበር አልኩ። መቁጠሪያቸው ቆመ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ይቅርታ ያለችኝ አጥፊው አንተ መሆንህን እያወቀች ነው? አዎ አልኩ። መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ፣ «የመሬቱን ይቅር ብዬሃለሁ፤ መሬት ይታጠባል፣ ይድናል። የሴቲቱን ግን ይቅር ማለት የኔ ሥልጣን አይደለም» አሉኝ።

ለጡቡ አለቃ አልሸጥም ብለው ላኩበት። ነጯን ግን እኔ በእጄ እንድገፍፋት አዘዙኝ። ስድስት ቀን በአካፋ ገፈፍኳት፤ እየጫንኩም መልሼ ካመጣሁበት የአመድ ክምር ላይ ደፋኋት። የጡብ ሠራተኞቹ ጋሪዬን ባዩ ቁጥር ያፏጩብኝ ነበር፤ አልከፋኝም። ከዚያ ጠርዙን በጭቃ ከብበን ውኃ አስተኛንበት፣ አፈሰስነው፣ ደግመን አስተኛንበት። ልክ አንቺ እንዳልሽው። ሲያልቅ መሬቱን አደም ለሚባል የዳርፉር ሰው፣ ሚስትና ልጆች ላሉት፣ ሰጡት። እኔን፣ «እዚህ ከቆየህ ባየሁህ ቁጥር ያቺን ሴት ሰው ፊት እንዴት እንዳዋረድኳት ትዝ ይለኛል» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።

ዕቃዬን ስጭን በበትራቸው እየተመሩ መጡ። ጋሪው ጎን ቆመው እንዲህ አሉኝ፤ «በኛ ሃይማኖት የበደሉትን ሰው እዚሁ ምድር ላይ ይቅር በለኝ ማለት ግዴታ ነው። እሷ ቀድማኝ ሄደች። በናንተ በኩል እንዴት እንደሚደረግ አላውቅም። አንተ ባሏ ነህና አድርስልኝ።» እንዴት ያሉ ኩሩ ሰው እንደሆኑ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔን ለመኑኝ። እንግዲህ ይኸው አደረስኩ። ከሳቸው መልእክት ጋር የኔንም ባስጠጋ አትቆጪኝ። ይቅር በይኝ፣ ሙልዬ። በሕይወት ሳለሽ፣ እጅሽ እጄ ውስጥ ሳለ ልልሽ የሚገባኝ ነበር፤ አሁን መልስሽን የምሰማበት መንገድ የለኝም፤ ያንን ዕዳ እግዚአብሔር ፊት እስክንቆም ይዤው እኖራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጀሪፍ ደርሼ ነበር። አደም የዘራው የከብት መኖ ማሽላ እስከ ጉልበት ደርሷል፤ ከላይኛው ጥግ ግን እስካሁን ምንም ያልበቀለበት ራቁት ቦታ አለ። አደም ወደዚያ እያመለከተኝ፣ «ይህቺን ጥግ አንዲት ሐበሻ ሴት አበላሸቻት ይላሉ፤ እውነት ነው?» አለኝ። ወሬው ገና በሰው አፍ ላይ ነው ማለት ነው። ሐጂ ቢያውቁም ሰፈሩ አላወቀም። «ያበላሸኋት እኔ ነኝ» አልኩት። «ይህን ጥቁር አፈር የሠራችልህ ደግሞ ሚስቴ ናት፤ ሙሉነሽ ትባላለች።» ስምሽን ለመያዝ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ሚስቱንም ጠርቶ ነገራት።

መታሰቢያሽ እንዲህ እንዲሆን ወስኛለሁ። ሻማውንም አበራለሁ፣ ጸሎቱንም አላቋርጥም። ግን በየወሩ አንድ ቀን ጀሪፍ እወርዳለሁ። የሳቁብሽ ቤታቸው የት የት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እድሜ ከሰጠኝ አንድ በአንድ በራቸውን አንኳኳለሁ። የመጀመሪያዋ ጂርጂር የምትሸጠዋ ሴትዮ ናት፤ ያን ቀን ከሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የሳቀችው እሷ ነበረች።

ባልሽ ታደሰ