የሚስ ኢኔዝ መራራ ቅጠል

ሰኞ፣ ጥቅምት 8

ሳሌ አልለቀቀኝም። ሆሎዌይ ሮድ ላይ ባስ ስጠብቅ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ። ቤት ስደርስ ጎረቤታችን ሚስ ኢኔዝ እኛ ወጥ ቤት ገብተው ድስት ጥደዋል... ማን አዘዛቸው? ዝንጅብልና አንድ ረጅም ሳር ነው የሚያፈሉት። ጃማይካ ትኩሳት የያዘው ሁሉ እሱን ይጠጣል አሉኝ። እማዬ ጠጋ ብላ አሸተተችና፣ ይኼ ጠጅ ሳር አይደለም እንዴ ብላ ሳቀች። እኛ ለጠረኑ የምንፈልገውን እነሱ ይጠጡታል። ጠጣሁት። ላብ በላብ አደረገኝ፣ ደረቴም ቀለል አለኝ።

ሁለቱ አሮጊቶች አንድ ቋንቋ የላቸውም፤ ግን ሰዓት ሙሉ ያወራሉ! በእጅ፣ በዓይን፣ በሳቅ። ዛሬ የእማዬን ጉልበት በጥቁር ጉሎ ዘይት ሲያሹላት ነበር። የእማዬን ስም እታለማሁ ማለት ስለከበዳቸው «ኢታ» ይሏታል።

የእማዬ ስኳር ዛሬም 14፣ ከልኩ እጥፍ። በዚህ ወር ካልወረደ የኢንሱሊን መርፌ ነው ብላለች ነርሷ። እግዜር ይሁናት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 13

ስኳሯ 6.1!!! ሦስት ጊዜ ቼክ አደረግኩ። ክኒኑ በመጨረሻ ሠራ አልኳት። እማዬ ፈገግ ብላ ኩባያዋን ማጠብ ያዘች። ምነው ደስ አላላት? አይ እሷ... ደስታም ስትደብቅ ነው የኖረችው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 16

ከሥራ ስመለስ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ ግንባሯ በላብ ርሷል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። «ማሚቱ፣ መጣሽ?» አለችኝ። ማሚቱ እህቷ ነበረች። ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመቷ። እኔ ሐረገወይን ነኝ እማዬ አልኳት፤ አየችኝ፣ አላወቀችኝም። መለኪያውን አወጣሁ።

ስኳሯ 3.6፣ ከ4 መውረድ የለበትም። ጁስ ሰጠኋት፣ ቀስ እያለ መለሳት።

የክኒኑን ሳጥን ገለበጥኩት። በየእሑዱ የምሞላው እኔ ነኝ። አንድ በጠዋት፣ አንድ በማታ... ልክ ነው። እንደገና ቆጠርኩ። ልክ ነው። ወይስ ደክሞኝ አንድ ቀን ሁለት ሰጥቻት ይሆን? አሥራ አንድ ዓመት ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ላሉ ሽማግሌዎች ቤት ለቤት ክኒን ሳድል ኖሬ በገዛ እናቴ ልሳሳት?

ወንድሜ ጋሻው ከከተማው ማዶ፣ ባተርሲ ሆኖ ስልክ ላይ ይስቅብኛል። ስኳር ወረደ ተብሎ ይለቀሳል እንዴ ይላል። እሱ ምን አለበት።

ኀሙስ፣ ጥቅምት 18

ስለ 3.6ው መልእክት ትቼላት ነበር፣ ነርሷ ደወለች። ክኒኑን ከነገ ጀምሮ በግማሽ ቀንሺው አለች። ደግሞ፣ ሌላ የምትወስደው ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኩ። የሚገባውንም የሚወጣውንም የማውቀው እኔ ነኝ አልኩ። በልበ ሙሉነት!

ዓርብ፣ ጥቅምት 19

ዛሬም ላብ። ግማሽ ክኒን ነው የሰጠኋት፣ ታዲያ ምንድን ነው? ፈራሁ። ከሥራ ቦታ አራት ጊዜ ደወልኩላት። አራተኛው ላይ ድምጿ እንደ ሰከረ ሰው ተጎተተብኝ። ሥራውን ጥዬ ሄድኩ፣ ደግሞ በጁስ መለስኳት።

እሑድ፣ ጥቅምት 21

ሆስፒታል ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ከቅዳሴ ስመለስ ወጥ ቤት ወለሉ ላይ ነበረች። ዓይኗ ተከፍቷል፣ ግን አታይም። ስጠራት የለችም። የሰው እናት ስትወድቅ የማደርገውን ሁሉ አውቃለሁ፤ የራሴ ስትወድቅ ግን ስልኩን የት እንዳስቀመጥኩ ጠፋኝ። በጎኗ አስተኛኋት፣ ማር በጣቴ ድዷን ቀባሁ። 1.9 ይላል መለኪያው። አምቡላንሱ መጣ። እኔ ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ ፎቁ ሁሉ ወጣ።

ሚስ ኢኔዝ በሩ ላይ ቆመው ያለቅሳሉ። የአምቡላንሱ ሰውዬ ምን ጠጥታ ነው ሲል፣ እሳቸው ናቸው የመለሱለት። ሴራሲ አሉ። አጥር ላይ የሚወጣ ሐረግ ነው፣ መራራ ቅጠሉን አድርቀው ያፈሉታል። ደም ያጠራል፣ ስኳር ያወርዳል ይላሉ አገራቸው።

«ግማሽ ሲኒ፣ ለዘጠኝ ቀን ጠዋት ጠዋት ብቻ ብዬ በጣቴ አሳይቻታለሁ። የራሴን ክኒን አውጥቼ እያሳየኋት፣ አንቺም ትወስጃለሽ ወይ አልኳት። ከዚህ ጋር አይሆንም አልኳት። እጇን አወዛወዘች። የለኝም አለች።»

እናቴን ገደሉብኝ አልኳቸው። በሰው ፊት። ሰባ ስድስት ዓመት ለሆናቸው ሴትዮ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 23

ነቅታለች። ተመስገን። ተመስገን። ተመስገን።

ሐኪሙ ክኒኑና ቅጠሉ ተደራርበው ነው አለ። ትንሽ ብትዘገዪ... አለና ተወው። እኔም አልጠየቅኩትም።

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። መድኃኒት ያወሩበት መች ይይዛል አለችኝ፣ እንደ ሞኝ እያየችኝ። ለእኔ ቅጠሉን ደበቀች፣ ለሚስ ኢኔዝ ክኒኑን ደበቀች! ልጆች ሆነን ኮሶ ስታጠጣንም እንዲሁ ነበር፦ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ጎረቤት ሳይሰማ። ይኼንንም እንደ ኮሶ ነው የያዘችው። ግማሽ ሲኒ የተባለውን በትልቁ ኩባያ። ዘጠኝ ቀን የተባለውን እንጃ ስንት። በልቻለሁ የምትለኝን ዳቦም እስከ ቀትር አትነካውም ነበር። ክኒኑን ግን እፊቴ ትውጥ ነበር፣ እኔ እንዳልጠረጥር።

ተናደድኩ። ልትሞቺ ነበርኮ እማዬ፣ ምን አስቸኮለሽ አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ለጋሻው ስትነግሪው ሰማሁ። መርፌ ከጀመረች ሥራዬን መልቀቄ ነው፣ ሕይወቴ አለቀ አልሽ። እንግዲህ ልዳንልሽ ብዬ ነው።»

ብያለሁ። ያን ቀን ደክሞኝ ነበር። ብያለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 26

ሚስ ኢኔዝ በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። ከፈቱልኝ። ይቅርታ ከማለቴ በፊት፣ በሕይወት አለች ወይ አሉኝ። አምስት ቀን ሙሉ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም! እኔስ እንዴት አስቻለኝ? እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። ሁለታችንም አለቀስን።

ሰኞ፣ ኅዳር 6

ቅጠሉ ሲቀር ስኳሩ ተመልሶ ወጣ። ዛሬ መርፌ ጀመረች። ነርሷ ቅዳሜ አወጋጉን ለሁለታችንም አሳይታናለች።

ዛሬ ጠዋት ብቻችንን ነበርን። የስንቱን ሰው ሆድ ወግቻለሁ፤ የሷ ላይ ግን እጄ እምቢ አለ። ብሳሳትስ? ባበዛባትስ? መርፌውን ይዤ እንደ ደረቀ እንጨት ቆምኩ።

«አምጪው» አለች እማዬ። «ያንቺ እጅ ይንቀጠቀጣል።» መነጽሯን አደረገች፣ የመጠኑን ቁጥር ጮክ ብላ አነበበች፣ ራሷን ወጋች። ከዚያ ዳቦዋን እፊቴ በላች፣ እስከ ፍርፋሪው። ሂጂ፣ ባስ ያመልጥሻል አለችኝ።

ሄድኩ። ደረጃው ላይ ደወልኩላት። ፌርማታው ላይ ደወልኩላት። ባስ ውስጥ ሆኜ ሦስተኛ ስደውል ብዙ ጠራ... ጠራ... ልወርድ የባሱን ደወል ተጫንኩ።

አነሳችው። ምንም ሳልጠይቃት፣ «አለሁ» አለች።