ሕመሙ እየወጣ ነው

መጋቢት 2

ዛሬም በማለዳ መናፈሻው ደረስን። በርጩማውንና ፔርሙዙን እኔ ያዝኩ። እማዬ ሐይቁ ዳር ከሰዎቹ ጋር ተሰልፋ፣ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ፣ ዛፍ እንዳቀፈ ሰው ክንዶቿን ዘርግታ ቆመች። በአፍንጫ ማስገባት፣ እስከ ሆድ ማውረድ፣ ቀስ ብሎ ማስወጣት። ያስተማሯት እማማ ጁ ናቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ዓመት እዚሁ ቦታ ላይ ቆመዋል። ብዙ አያወሩም። ለዚህ ይሆናል የምወዳቸው።

እማዬ ከሽመና ፋብሪካው በሕመም ፈቃድ ከወጣች ሁለት ወሯ። ሳንባ ነቀርሳ። እኔም ያኔ ነው ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩት። ሌላ ማን ያስታምማት? አባዬ ሩቅ አገር ሐዲድ ዘርጊ ነው፣ የሚመጣው ለአዲስ ዓመት ብቻ። ሐኪሟ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ሰጥታታለች፤ እስከ መስከረም ሳይቋረጥ። ያስታውካታል። ቀዩ እንክብልማ ሽንቷን ሳይቀር ያቀላዋል። ግን መናፈሻ ከጀመረች ወዲህ ፊቷ መለስ ብሏል። ዛሬ ደረጃውን ሳታርፍ ወጣች።

መጋቢት 9

አዲስ መምህር መጡ። መምህር ፋን። ከትልቅ ከተማ ነው የመጡት አሉ። አርባ ሰው ከበባቸው።

“ሕመም ሌባ ነው” አሉ። “በሰውነታችሁ የሚዞረው እስትንፋስ፣ ቺ፣ ሲነቃ ቤቱ ውስጥ መብራት በራ ማለት ነው። ሌባው በር ፍለጋ ይሮጣል። ሲወጣ ዕቃ ይሰብራል፣ ያንኳኳል። አትደንግጡ! መድኃኒት የሚውጥ ሰው ግን በሩን ራሱ ቆለፈበት።”

እማዬ ቀስ ብላ እማማ ጁን ጠየቀቻቸው። “እኔ መተንፈስ ነው የማውቀው ልጄ። ስለ ሌባ አላውቅም” አሏት።

ቤት ስንገባ መድኃኒቱን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው። “እስቲ ትንሽ እንሞክረው፣ ሮንግ” አለችኝ። ክዳኑን ገጠምኩላት። መቼም እኔ ምን አውቃለሁ?

መጋቢት 16

ማስታወኩ ቀረ። ሰባት ቀን ሙሉ! ዛሬ ሁለት የእንፋሎት ዳቦ በጨው ጎመን በላች። ሳቀችም። “አየሽ?” አለችኝ። አየሁ።

ልክ ይሆኑ እንዴ ሰውዬው...?

መጋቢት 29

ሳሉ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ትኩሳት። አንሶላዋን በሦስት ቀን ሁለት ጊዜ አጠብኩት፣ በላብ ርሶ።

መምህር ፋን ሲነገራቸው አጨበጨቡ። እውነት፣ አጨበጨቡ። “መውጣት ጀመረ!” ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ አላት። እትዬ ቦ፣ የእማዬ የፋብሪካ ጓደኛ፣ “እኔ ይሄን ሪህ ላስወጣ ሦስት ወር እዚህ ተገትሬ አንድ ማስነጠስ እንኳ አልመጣልኝ! ይቺ መጥታ በሦስት ሳምንቷ!” ብላ አሳቀቻቸው። እማዬም ሳቀች። ሳቋ ሳል ሆኖ አለቀ።

ሚያዝያ 6

ደም። መሐረቧ ላይ። ሳንቲም የሚያህል።

ዘርግታ ለመምህሩ አሳየቻቸው፣ ልጅ የፈተና ወረቀት እንደሚያሳይ። አዩት። ከዚያ ዓይናቸውን ሰው ላይ አዞሩ። “ሊወጣ ሲል የሚያደናቅፈው አለ። ቤት ውስጥ የሚጠራጠር ሰው አለ።”

ቤት ውስጥ ያለነው ሁለት ነን። አርባ ሰው ወደኔ ዞረ። ጫማዬን አየሁ።

ቤት ስንገባ፣ “አንቺ ነሽ፣ ሮንግ?”

“አይደለሁም።”

“እናቴ ትሙት በይ።”

አልኩ። አፌን ሞልቼ አልኩት። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?

ሚያዝያ 7

ላለመጠራጠር ሞከርኩ። እየሞከርኩ ተጠራጠርኩ። ይሄን መጻፌስ ይቆጠርባት ይሆን?

ሚያዝያ 10

አደረግኩት።

ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ቀዩን እንክብል ፈልቅቄ ዱቄቱን የቀይ ባቄላ ገንፎ ውስጥ በስኳር አማሰልኩት። ቀይ በቀይ፣ አይታይም። ሌሎቹ ሁለቱ ይመራሉ፣ ታውቅብኛለች። ከምንም አንዱ ይሻላል አይደል? አይደል?

ጥርግ አድርጋ በላች። “እጅሽ ይባረክ” አለችኝ።

ሚያዝያ 13

ሽንቷ ቀላ። ረስቼው! እንዴት ይረሳል? ፖፖውን ይዛ ስትጠራኝ አለቀልኝ አልኩ።

እሷ ግን ፊቷ በርቷል። “ነይ እይ! ያ ስውጠው የከረምኩት የመድኃኒት መርዝ... እየወጣ ነው!”

መናፈሻው ሄዳ ለሁሉም ተናገረች። መምህር ፋን እጇን ወደ ላይ አንስተው ለሰዉ አሳዩአት። ተጨበጨበላት። ከኋላ ጋሽ ሉዎ ቆመው ይሰማሉ። የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው፣ እንደ እማዬ ሳንባቸውን ነው የሚያማቸው። ሦስት ልጆች አሏቸው። ከኪሳቸው የመድኃኒት ብልቃጥ አወጡ። አንዴ አዩትና ሐይቁ ውስጥ ወረወሩት። ሰው እንደገና አጨበጨበ።

እኔ ነኝ የወረወርኩት።

ሚያዝያ 14

ብናገር፣ በሐሰት መማሌን ታውቃለች። ዝም ብል... ጋሽ ሉዎ።

ገንፎውን ዛሬም ሠራሁ። ባልሠራስ?

ሚያዝያ 15

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሦስት ጊዜ በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩ። በአራተኛው ሐኪሟ ራሷ ወጥታ “ምን ጠፋብሽ?” አለችኝ። ነገርኳት። ድምፄ አልሰማ ብሏት ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። “አንዱን ብቻ ለይቶ መስጠት ለበሽታው ትምህርት ቤት መክፈት ነው” አለችኝ። “መድኃኒቱን ይለምደዋል። በኋላ እኛም የምንሰጣት እናጣለን። ስንት ቀን ሰጠሻት?”

“አምስት።”

ጻፈችው። “ነገ ይዘሻት ነይ።”

እንዴት? እማዬን ለማዳን ብዬ ነው... እና እኔ ራሴ ብሆንስ የምገድላት?

ሚያዝያ 16

ሁሉንም ልጻፈው።

መናፈሻው ስንደርስ መምህሩ እማዬን ከፊት አቁመው ስለ ሽንቷ እንድትናገር ጠየቋት። ጋሽ ሉዎ አጠገቧ ናቸው፣ ፊታቸው አመድ መስሏል። “እኔ ነኝ” አልኩ። ማንም አልሰማኝም። እማማ ጁ ብቻ ክንዳቸውን አወረዱ። “ዝም በሉ፣ ልጅቷ ትናገራለች” አሉ።

ያኔ ጮህኩ። “እኔ ነኝ! ገንፎዋ ውስጥ መድኃኒት የጨመርኩት እኔ ነኝ! ቅላቱ የመድኃኒቱ ነው! ጋሽ ሉዎ፣ ምንም የወጣ ነገር የለም! መድኃኒትዎን ይውሰዱ!”

“ይኸው ተጠራጣሪዋ ራሷን አጋለጠች” አሉ መምህሩ። የሳቁ አሉ። እትዬ ቦ “ውይ፣ አፍ አላት እንዴ ይቺ ልጅ?” አለች።

እማዬ አልሳቀችም። “እናቴ ትሙት ብለሽ ምለሽልኛል” አለች፣ በቀስታ።

ከዚያ ሳሉ ያዛት። አላቆም አለ። ደሙ በጣቶቿ መሃል ወረደ። እሷ እጇን ወደ መምህሩ ዘረጋች... እሱ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አፍና አፍንጫውን በእጅጌው ሸፈነ። እኔ አየሁት። እሷም አየችው።

እማማ ጁ በአንድ ወገን፣ ጋሽ ሉዎ በሌላው ደግፈዋት ጤና ጣቢያ ወሰድናት።

ሚያዝያ 21

የሳንባ ሕሙማን ሆስፒታል አስተኟት። ሕክምናው ከሀ ይጀመራል። በየቀኑ መርፌ ተጨምሯል። ዓመት ተኩል ሊፈጅ ይችላል አሉ። በሽታው መድኃኒቱን ለምዶት እንደሆነ የሚታወቀው አክታዋ ተመርምሮ ነው፣ ከሁለት ወር በኋላ። ሁለት ወር! በኔ አምስት ሳህን ገንፎ ለምዶት ቢሆንስ...

ጋሽ ሉዎ መድኃኒታቸውን ጀምረዋል። ፋን ወደ ሌላ ከተማ ሄደ አሉ። እዚያም ሰው ያጨበጭብለት ይሆናል።

እማዬ አታናግረኝም። የወሰድኩላት ምግብ እንዳለ ይመለሳል። ነርሷ የምትሰጣትን ብቻ ነው የምትቀምሰው። “መድኃኒቱን ግን አንድም አታስቀርም” አለችኝ ነርሷ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሚያዝያ 28

ዛሬ የእንቁላል ሾርባ ይዤ ገባሁ፣ አፌን በጭንብል ሸፍኜ። ሳህኑን አየችው። ይመለሳል ብዬ ስጠብቅ ማንኪያውን አነሳች። አፏ ድረስ ወስዳ አቆመችው።

“ምን አለበት?”

“እንቁላልና ጨው።”

ዋጠች። ሁለተኛውን ሞላች።

“ይሄስ?”

“እሱም እንቁላልና ጨው ነው፣ እማዬ።”

በየማንኪያው ጠየቀችኝ። ሲጠይቁኝ ድምፄ የሚጠፋው እኔ፣ ማዶ አልጋ ላይ ያሉት ሁሉ እስኪዞሩ ድረስ ጮክ ብዬ መለስኩላት። አንዴም ዓይኔን አልሰበርኩም። በአሥራ አንደኛው ደከማት። ማንኪያውን አስቀመጠችና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

ልወጣ ስል ድምፅዋን ሰማሁ።

“ነገም እጠይቅሻለሁ።”