የናሆም ስምንት ዓመት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11 ቀን 2005 (በዚህ አገር 20 ኖቬምበር 2012)

ዛሬ የታሪክ አስተማሪያችን፣ «በመካከለኛው ዘመን የኖረ ሰው መካከል ላይ መሆኑን አያውቅም ነበር፤ ዘመኑን የከፈልነው ኋላ የመጣነው ነን» አሉ። ክፍሉ ሳቀ።

ቤት ስገባ አባዬ የወንድሜን የናሆምን የመቃብር ድንጋይ ፎርም ሞልቶ ጠበቀኝ። ነገ ከትምህርት ስወጣ ኒድ የሚባለው ሰፈር ላለው ድንጋይ ቀራጭ የማደርሰው እኔ ነኝ። «1985–2012» ይላል።

«አባዬ፣ የተወለደበትን በእኛ፣ የሞተበትን በእነሱ አቆጣጠር ነው የጻፍከው።»

«ታዲያ ሁለቱም እውነት አይደል?»

«ሃያ ሰባት ዓመት የኖረ ያስመስለዋል። አሥራ ዘጠኝ ነው እኮ።»

እማዬ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «ተወው! ስምንት ዓመት ቢጨመርለት ማን ይከፋዋል?»

አባዬ ሊስቅ ጀመረና አቃተው። እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «የታሪክ ተማሪው አንተ ነህ፤ እንዳወቅህ አድርግ» አለኝ።

ናሆም በሁለት ዓመት ስለሚበልጠኝ ብቻ «ጋሼ በለኝ» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። አንድ ቀንም ብዬው አላውቅም። ስህተቱን ብተወው ድንጋዩ ላይ የአሥር ዓመት ታናሹ ሆኜ እቆይ ነበር። ደጋግሜ አሰብኩት። በመጨረሻ 1985ን ሰርዤ 1993 ብዬ ጻፍኩ። እማዬ አየችኝና ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች።

እንግዲህ ከሁለት ዓመት በኋላ እኩያው እሆናለሁ። ዛሬ ግን ገና ታላቄ ነው። መኝታ ክፍላችን ገብቼ በሩን ዘጋሁና የናሆምን አልጋ እያየሁ፣ «ጋሼ» አልኩት።