ኦቨኑን ከማብራቴ በፊት

ሜሮንዬ፣ እህቴ፣

ከተለየሽን ዛሬ ሰባት ወር ከአስራ አንድ ቀን ሆነ። ቀኑን የምቆጥረው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ፤ ግን በቤታችን ውስጥ ጮክ ብሎ የሚቆጥር የለም። ይህን የምጽፍልሽ ወጥ ቤት፣ ጠረጴዛው ላይ ሆኜ ነው። አባዬ አሁን ወደ ሥራ ወጣ። እማዬ ልብስ እያጣጠፈች ነው። ትሪሽ ሲንኩ ውስጥ በሙቅ ውሃና በሳሙና ተነክሯል። ደብዳቤውን ፊደሌን እያረምሽ የምታነቢው ስለሚመስለኝ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ፊደል ያስቆጠርሽኝ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ድንች እየላጥሽ ነበር።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ደግሞ ዶሮ ነው።

እስከ አርባሽ ድረስ በራችን ተዘግቶ አያውቅም ነበር። ከታች ያለችው እትዬ ሙሉ በየቀኑ ድስት ይዛ ትወጣለች፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይመጣሉ፤ ፍሪጁ ሞልቶ የቀረውን በረንዳው ላይ፣ ብርዱ ውስጥ እናስቀምጥ ነበር። ከአርባው በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ተመለሰ። ማንንም አልወቅስም። የመጨረሻውን ድስት አጥቤ ለእትዬ ሙሉ የመለስኩላት እኔ ነኝ። “ጎሽ የኔ ልጅ፣ በርታ” ብላ በሩን ስትዘጋው ደረጃው ላይ ቆሜ ባዶ እጄን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ።

ከዚያ በኋላ እዚህ ቤት እራት የሚባል ነገር አልነበረም። ምግብ አለ፤ እራት ግን የለም። እማዬ የምትበላው ቆማ ነው፤ ያውም ከበላች። እኔ ሰሃኔን ይዤ ክፍሌ እገባለሁ። ያንቺ ወንበር ግድግዳውን ተጠግቶ አለ፤ ማንም አልነካውም።

አንቺ ሥራ እስክታስይዢው ድረስ ያ ኦቨን የእማዬ የድስት ሳጥን እንደነበር ትዝ ይለኛል። የምናውቀው ሰው ሁሉ ቤት እንደዚያው ነው፤ ኦቨኑን ስትከፍቺው ድስት፣ መጥበሻ፣ ክዳን ይወርድብሻል። ነርሲንግ ኮሌጅ ስትጀምሪና ፖላሪስ የገበያ አዳራሽ ያለው ጫማ ቤት ስትቀጠሪ ነው ሁሉንም ያወጣሽው። እማዬ ኦቤትስ ከምትሠራበት መጋዘን ገብታ አባዬ ጋሃና ወዳለው ኤርፖርት መንገደኛ ለማመላለስ እስኪወጣ ድረስ ሃምሳ ደቂቃ ብቻ እንዳለን ቆጥረሽ፣ “በሃምሳ ደቂቃ ወጥ አይሠራም፤ አራታችን ግን አብረን እንበላለን” አልሽ። ጠዋት ከክላስ በፊት ሁሉንም ከትፈሽ፣ ትሪው ላይ ደርድረሽ፣ ፎይል አልብሰሽ ፍሪጅ ውስጥ ትተሽ ትሄጃለሽ። አንድ ትሪ፣ አንድ ኦቨን፣ አርባ ደቂቃ። ማክሰኞና ሐሙስ የዶሮ ታፋ ከድንች ጋር፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል ተለቅልቆ። ረቡዕና ዓርብ የጾም፤ ድንች፣ ካሮትና አበባ ጎመን በዘይት። ሰኞ ከየትም የተረፈ።

የመጀመሪያው ቀን አባዬ ትሪውን ግራና ቀኝ አይቶ፣ “ወጡስ የት አለ?” አለ። እማዬ ደግሞ፣ “ሽንኩርት ያልቆላ ሰው አበሰልኩ ይላል?” አለችሽ። አንቺ ሳቅሽና፣ “እማ፣ ሽንኩርቱ እኮ ውስጥ ራሱን ሲቆላ ነው የቆየው” አልሻት። አባዬ እንጀራውን ከትሪው ጥግ መረቁ ላይ ነካ አድርጎ ጎረሰ።  ቀስ ብሎ ትሪውን ወደ ራሱ ሳብ ሲያደርገው እማዬ እጁን መታችው፤ “ለልጁ ተውለት እንጂ፣ ምን ዓይነት ሰው ነህ!”

ትሪው ትንሽ ጎበጥ ያለ ስለነበር መረቁ ሁሉ አንድ ጥግ ላይ ይጠራቀማል። አንቺ ደግሞ ሕግ አወጣሽ፤ ጥጉ ቀኑ ለከፋበት ሰው ይዞራል። “ዛሬ ማን ነው የከፋው?” ትያለሽ፤ ሁላችንም ክርክር እንጀምራለን። አባዬ የሰው ሻንጣ እግሩ ላይ እንደወደቀ ያወራል። እማዬ ቀኑን ሙሉ የተሸከመችውን ካርቶን ትቆጥራለች። እኔ የሒሳብ ፈተናዬን አወጣለሁ። አንቺ ፈራጅ ነሽ። ለራስሽ አዙረሽ አታውቂም።

አንድ ቀን ብቻ። ያ ሐሙስ። “ዛሬ ለእኔ ይሁን፣ ራሴን አሞኛል” አልሽ። አባዬ፣ “ኧረ! ዳኛዋ ለራሷ ልትፈርድ ነው እንዴ!” ብሎ ሳቀና ትሪውን ወደ ራሱ አዞረው። እኛም ሳቅን፤ አንቺም ሳቅሽ። እሑድ ሆስፒታል ገባሽ። በአራተኛው ቀን ያለ አንቺ ተመለስን።

ማናችንም ስለዚያ ሐሙስ አናወራም። አባዬ ግን ሥራው ከሚጀምርበት ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀድሞ ከቤት መውጣት ጀመረ። የት እንደሚሄድ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን የጓደኛዬ አባት ከኤርፖርት ሲመለስ አይቶት ነገረኝ፤ ማቆሚያው ውስጥ፣ መኪናው ውስጥ፣ ብቻውን ተቀምጦ። እማዬ ደግሞ ከሥራ ስትመጣ ከመስኮቴ አያታለሁ። መኪናዋን ታቆማለች፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ግን አትወርድም። ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ሠላሳ። አንዱ እዚያ መኪና ውስጥ፣ አንዷ እዚህ መኪና ውስጥ፣ እኔ ፎቅ ላይ። ሃምሳዋ ደቂቃ እንዲህ ነው ያለቀችው።

ሜሮንዬ፣ የእኔ ሥራ ምን እንደነበር ታውቂያለሽ። ቁልፍ መጫን። በዚህ አገር አቆጣጠር ለስድስት አስር ጉዳይ ላይ ከፖላሪስ ስትወጪ ትደውያለሽ፤ “ዘበኛ፣ ኦቨኑን ኦን አድርገው” ትያለሽ። የኦቨን ዘበኛ ነበር ያልሽኝ። ስልኩን ከመዝጋትሽ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ፣ “ውስጡን አየህ?” እማዬ ልምዷ አልለቅ ብሏት አልፎ አልፎ ድስት ትከትበት ስለነበር ነው። እኔ ጌም ላይ ዓይኔን ተክዬ፣ እሺ እሺ ለማለት በእንግሊዝኛ “ያ ያ” እላለሁ። አንቺ፣ “ያ ያ አይደለም፣ ተነስና እይ!” በየቀኑ። በጣም ታሰለቺኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት ከትምህርት ቤት ስገባ እራት እኔ ልሥራ አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ዝምታው ሰለቸኝ መሰለኝ። ዶሮውን አጠብኩ፣ ድንቹን ከተፍኩ፤ ትሪሽን ቁም ሳጥኑን ሁሉ ከፍቼ ፈለግሁት፣ አጣሁት። ከሱቅ የተገዛች ስስ የአልሙኒየም ትሪ ነበረች፣ እሷ ላይ ደረደርኩ። ኦቨኑን አስቀድሞ እንዲሞቅ አራት መቶ ሃያ አምስት ፋራናይት ላይ አደረግሁና ክፍሌ ገባሁ።

የሚደውልልኝ ሰው አልነበረም። የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ ከዚያ የጭስ አላርሙ ጮኸ። ስሮጥ ወጥ ቤቱ ጥቁር ጭስ ሆኗል። ኦቨኑን አጥፍቼ ስከፍተው ድስቶቹ እንደ ድሮው ተደራርበው ነበር፤ የእማዬ የፕላስቲክ ክዳኖች ቀልጠው እንደ ማር ይንጠባጠባሉ። ከሁሉም ስር ደግሞ፣ ሰማያዊ ፕላስቲክ ፈስሶበት፣ ትሪሽ። መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ አላርሙን በፎጣ ሳርገበግብ እማዬ የሥራ ጃኬቷን እንደለበሰች ከመኪናዋ እየሮጠች ገባች። እጄን ያዘች፣ ፊቴን ነካካች፣ አለመቃጠሌን አየች። “ይቅርታ እማዬ፣ ውስጡን አላየሁም” አልኳት።

ትቆጣለች ብዬ ነበር። ኦቨኑ ፊት ለፊት መሬት ላይ ቁጭ አለች። “እኔ ነኝ የከተትኩት” አለች። “ከእንግዲህ ማን ያበራዋል ብዬ።”

አጠገቧ ተቀመጥኩ። በተከፈተው መስኮት ብርዱ ይገባል፤ ለመዝጋት ማንም አልተነሳም። ከአርባሽ በኋላ አብረን ያለቀስነው ያን ቀን ነው። ከዚያ በየማታው ትሪሽን በሙቅ ውሃና በቢላ ጀርባ ስትፍቅ ከረመች። አንድ ነገር ብቻ አልለቀቀም፤ ያ መረቅ የሚጠራቀምበት ጥግ ላይ፣ የጥፍር ያህል ሰማያዊ ምልክት።

ትናንት በቤተሰብ ግሩፓችን ላይ ጻፍኩ። ያንቺም ስም እስካሁን እዚያ አለ፣ ማንም አላወጣሽም። “ነገ እራት በሜሮን ትሪ ነው። እባካችሁ ከመኪናችሁ ውረዱ” አልኩ። ልኬው ሳበቃ ፈራሁ። አባዬ ላይክ ብቻ አደረገ። እማዬ ምንም አላለችም።

ዛሬ ለስድስት አስር ጉዳይ ላይ እጄ በበርበሬ ተለውሶ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጮኸ። በዚያ ሰዓት ማንም አይደውልልኝም። እማዬ ነበረች። ከሥራ ደውላ አታውቅም፤ ስልካቸውን በየሳጥናቸው ቆልፈው ነው የሚሠሩት፤ ለዚህ ብላ የእረፍት ሰዓቷን ይዛ ወጥታለች። ከኋላዋ የዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ጢጥ ጢጥ ይላል።

“ልታበራው ነው?” አለችኝ።

“አዎ።”

“ውስጡን አየህ?”

ሜሮንዬ፣ ስልኩን በበርበሬ እጄ ጆሮዬ ላይ ይዤ ቀረሁ። “ናቲ፣ አለህ?” አለች። “አለሁ። አሁን አያለሁ” ብዬ ከፈትኩት። ባዶ ነበር። ሽቦዎቹ ተፈግፍገው ያበራሉ፤ መቼ እንዳጠበችው አላየሁም። “ምንም የለም እማዬ” አልኳት። “በል አብራው” አለችና ዘጋች።

ያ አርባ ደቂቃ ረጅም ነበር። ድሮ አንቺ መንገድ ላይ ነሽ፣ እኔ ጌም ላይ ነኝ፤ ዝም ያለ ቤት እንኳ የሚመጣ ሰው አለው። ዛሬ ኦቨኑ ፊት መሬት ላይ ተቀምጬ በመስታወቱ እያየሁ ጠበቅሁ። እንዳልሽው አላጨናነቅሁትም፤ “ከተጨናነቀ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም” ትይ ነበር። ቆዳው ወደ ላይ። ሰው የሚመጣ ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር። የእማዬ መኪና መብራት መስኮቱ ላይ አለፈ። ጠፋ። መቁጠር ጀመርኩ። ሁለት መቶ ሳልደርስ እግሯን ደረጃው ላይ ሰማሁት። ደግሞ ሌላ እግር። አባዬ ከቀትር በኋላ ወጥቶ ነበር፤ ተመልሶ መጥቶ ታች ሲጠብቃት ቆይቷል። ብቻውን መግባት አልቻለም መሰለኝ።

እማዬ ጃኬቷን ሳታወልቅ ትሪውን አየችና፣ “ዶሮውን ስንቴ አጠብከው?” አለች።

“በሎሚና በጨው፣ ሦስቴ።”

“አራቴ ነው የሚታጠበው።”

“ሜሮን ሦስቴ ይበቃል ትል ነበር” አልኩ። ስምሽ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ማንም አልተነሳም። እማዬ ብቻ፣ “እሷማ ሰነፍ ናት” ብላ አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገችና ተቀመጠች። ተቀመጠች፣ ሜሮንዬ።

ድንቹ መሃሉ ትንሽ ጠጥሯል። አባዬ አላምጦ አላምጦ፣ “ይሄ ድንች ከመሬት መውጣቱን ገና አልሰማም” አለ።  ዛሬ ማን እንደከፋው የጠየቀ የለም። አባዬ ትሪውን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ አዞረው፤ ያ ሰማያዊ ምልክት ያለበት ጥግ ወንበርሽ ፊት ለፊት እስኪቆም ድረስ።  “ዛሬ ለእሷ ነው” አለ። እንጀራችንን መረቁ ውስጥ ለመንከር ሦስታችንም እጃችንን እስከዚያ ድረስ መዘርጋት ነበረብን። ማንም ትሪውን ወደ ራሱ አልመለሰም።

አሁን አባዬ ሄዷል፤ ሰዓቱን ጠብቆ፣ በሰዓቱ ነው የሄደው። ቤቱ ዝም ብሏል። ዳንን ብዬ አልጽፍልሽም፤ አንቺ እንደዚህ ያለ ውሸት ታውቂብኛለሽ። ወንበርሽ ባዶ ነው፤ ትምህርት ቤት አሁንም ለማንም አላወራም፤ ከስድስት በፊት ያለችዋ ሰዓት አሁንም ከቀኑ ሁሉ ትከብደኛለች። ግን ሐሙስም እሠራለሁ። ሐሙስን ፈርቼው ነበር፤ ቢሆንም እሠራለሁ።

ነገ ረቡዕ ነው፤ ድንች፣ ካሮትና አበባ ጎመን። ድንቹን አንቺ እንደምትከትፊው አሳንሼ እከትፈዋለሁ። ሰማያዊውን ምልክት አልፍቀውም። ከማብራቴ በፊት ደግሞ፣ እማዬ ደወለች አልደወለች፣ ከተቀመጥኩበት ተነስቼ፣ በሩን ከፍቼ፣ ውስጡን አያለሁ። በዚህ ቤትም፣ ወደፊት በምኖርበት በየትኛውም ቤት። ያ ያ ሳልል።

ዘበኛሽ፣
ናቲ