ኮሚናሉ ውስጥ ስለተገኙት ዙፋኖች

ለተከበሩ አቶ ገብረክርስቶስ
የብሎክ አራት ነዋሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ
ቂርቆስ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? ያን ሁሉ ቁልፍ ተሸክመው ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ጉልበትዎ እንዳይከዳዎት ብሎኩ በሙሉ ይጸልይልዎታል። እኔ ከሦስተኛ ፎቅ የምጽፍልዎ የሉሊ እናት ራሕዋ ነኝ፤ የምጽፈውም ለማመስገን ነው። በቃል ብቻ ቢነገርዎ እንዳያንስብዎ ሰግቼ ደብዳቤውን በየፎቁ ለጥፌዋለሁ።

እንደሚያውቁት፣ ልጄ ሉሊና የፊት ለፊት ጎረቤቴ የሀምዲያ ልጅ ኩልሱም የተወለዱት በአንድ ሳምንት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ በሁለቱ በሮች መካከል ሲመላለሱ ስለኖሩ የትኛው ቤት የማን እንደሆነ እነሱም በውል አያውቁትም። የሀምዲያ አከራይ ቤቱን ሸጠው፤ እሷም ከተማው ዳር፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ልትሄድ ሆነ። ከመለያየታቸው በፊት የሁለቱንም ልደት አንድ ላይ፣ የልዕልት ልደት አድርገን፣ ኮሚናል በምንለው የጋራ አዳራሻችን ልናከብርላቸው አሰብን። ሀምዲያ ልብስ ሰፊ ናትና ሁለቱን ቀሚሶች ከመጋረጃ ትራፊ ሰፋች፤ እኔም ከካርቶንና ከወርቃማ ወረቀት ለተጋባዦቹ ሁሉ ዘውድ ቆረጥኩ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ማመልከቻችንን እንደ ሰነፍ ሰብሳቢ ሳያነቡ ስላልፈረሙበት አመሰግናለሁ። ዳሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ዘውዱ ለምን አስፈለገ? ይብራራ» ብለው መለሱልን። ቢሮዎ መጥተን ሕፃናት ራስ ላይ እንደሚደረግ ስናስረዳዎ መነጽርዎን አወለቁና «እኅቴ፣ በዚህ አገር ዘውድ የቀረው በስልሳ ሰባት ነው፤ ማኅበሩን ነገር ውስጥ እንዳታስገቡት» አሉኝ። ሀምዲያ ሳቋን በሻሿ ሸፈነች። አገር ከካርቶን ዘውድ የሚጠብቃት ሰው በማግኘቷ እኔ በበኩሌ ኮርቻለሁ።

፪. የሃያ ሁለቱን ልጆች የቤት ቁጥርና የልደት ሰርተፊኬት ኮፒ ስለጠየቁን፣ የሦስት ዓመቱ ሔኖክ ቅጽ ላይ ፊርማ የለም ብለውም ስለመለሱት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሔኖክ በደስታ ፈርሟል፤ በቅጹም፣ በጠረጴዛዬም፣ በሶፋዬም ላይ።

፫. ፈቃዱን በማኅተም ከሰጡን በኋላ በልደቱ ቀን፣ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት፣ ኮሚናሉን ቆልፈው፣ «ለጥገና ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ለጥፈው፣ ስልክዎን ስላጠፉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሃያ ሁለት ልጆች ዘውዳቸውን እንደደፉ በር ላይ ቆሙ። ኩልሱም አላለቀሰችም፤ ቀሚሷ አቧራ እንዳይነካው በሁለት እጇ ሰብስባ ይዛ በሩን ብቻ ታያለች። ሀምዲያ ይህን አይታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ምድር ቤት ያሉት ጋሽ ነጋሲ፣ ምናልባት ውስጥ ሠራተኛ ይኖር እንደሆነ ብለው፣ ሉሊን ትከሻቸው ላይ አውጥተው በመስኮት እንድታይ አደረጓት።

«እማዬ!» ብላ ጮኸች። «ዙፋን! ውስጥ ብዙ ዙፋን አለ!»

ሁላችንም እየተንጠራራን በእግር ጣታችን ቆመን አየን። ልጄ አልዋሸችም። ነጫጭ፣ አዳዲስ፣ በላስቲክ የተጠቀለሉ የሽንት ቤት መቀመጫዎች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ ካርቶኖቹ ላይም ለገሃር ያለው የግንባታ ዕቃ መሸጫዎ ስም በትልቁ ተጽፏል። ኮሚናሉ ሁለት ዓመት ሙሉ «ለጥገና» እየተባለ ደጋግሞ ሲዘጋ የኖረው ለዚህ መሆኑን ስላላወቅን ይቅርታዎን እንለምናለን።

ልደቱ ደረጃው ላይ ተደረገ። ኬኩ ሁለተኛ ፎቅ ተቆረሰ፤ ጋሽ ነጋሲ ስፒከራቸውን አወጡ፤ ልዕልቶቹ ከአምስተኛ ፎቅ ጀምረው ቀሚሳቸውን እየጎተቱ አንድ በአንድ ሲወርዱ፣ በየበሩ የወጣው ጎረቤት እልል አለላቸው። እርስዎ በአሥር ሰዓት ደርሰው «ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል ነው!» ሲሉ ሙዚቃው ቆመ። ያን ጊዜ ሉሊ ወደ እርስዎ ወርዳ፣ እንደተማረችው እጇን ወደኋላ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ዙፋኖቹ የእርስዎ ናቸው? አንዱን ለኩልሱም ይስጧት፤ ልትሄድብኝ ነው» አለችዎ። ፊትዎ በርበሬ መስሎ ወደ መኪናዎ ሲመለሱ መልስ ስላልሰጧት ልጅቷ አሁንም እያሰቡበት ይመስላታል።

ለሚቀጥለው አራተኛ ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ምስጋና አይደለምና። ሰኞ ጠዋት አይሱዙው የሀምዲያን ዕቃ ጭኖ ሊነሳ ሲል ኩልሱም እናቷን «አዲሱ ቤት ሉሊ አለች?» ብላ ጠየቀቻት። አቶ ገብረክርስቶስ፣ የእነዚህን ልጆች አንዲት ከሰዓት በኋላ ለሽንት ቤት መቀመጫ ብለው ነሥተዋቸዋል። ይህን በትሕትና የምጽፍበት ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ ስለዚህ እንዲሁ ጻፍኩት።

ለማኅተምዎ ቀለም አይጥፋ እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ራሕዋ ሃብተአብ
ሦስተኛ ፎቅ

ግልባጭ፦
ለብሎክ አራት ነዋሪዎች በሙሉ
ለሔኖክ (አንብቦ እንዲፈርምበት)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነዋሪው እሑድ በሦስት ሰዓት አዲስ ሰብሳቢ ይመርጣል፤ ከወረዳ የሚመጡ ሰዎችም ኮሚናሉን ከፍተው እንደሚያዩ ነግረውናል። እስከዚያ ዕቃዎን ማንሣት ቢፈልጉ ጋሽ ነጋሲ በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። በመሸከም ያግዙዎታል፤ መጀመሪያ ግን ከእያንዳንዱ መቀመጫ ጋር ፎቶ ያነሡዎታል።