የጮኽኩት ያንተን ነው

ውድ ወንድሜ፣

ለምን በወረቀት እንደምጽፍልህ ታውቀዋለህ። ፊት ለፊት ብመጣ ዓይንህን ትጨፍናለህ። ከልጅነትህ ጀምሮ ጠብ ሲመርህ የምታደርገው ይህንኑ ነው። ሌላ ሰው ቢኮርፍ እንኳ ጆሮው ትንሽ ይሰርቃል፤ አንተ ዓይንህን ከጨፈንክ ግን አለቀ፣ እጄ አየር ሲቀዝፍ ይውላል። ስልክህንም ዘግተሃል። ወረቀት ግን ሳታነብ አታልፍም፤ የመድኃኒት መጠቅለያ እንኳ ከነማስጠንቀቂያው አንብበህ ነው የምትጥለው። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብበኝ፣ ከዚያ ብትፈልግ ቀዳደህ ጣለኝ።

ማክሰኞ ዩኒቨርሲቲው ለስብሰባ ጠርቶሃል። ያለ እኔ ልትገባ እንደሆነ ከእማዬ ሰማሁ። ከዚያ ክፍል የሚወጣው ውሳኔ ልጆቹ እንዲማሩ ወይ ሻንጣቸውን እንዲሸከሙ የሚያደርግ ነው፤ ስለዚህ እኔን የጠላህበትን ነገር ከማክሰኞ በፊት ማወቅ አለብህ። በሽልማቱ ቀን አንተ ላይ አልጮኽኩም። የሆነውን ላስረዳህ።

ሽልማቱ የተነገረ ዕለት እማዬ እንዴት እንደሆነች ታስታውሳለህ። «የላቀ የቀድሞ ተማሪ» የሚለውን ለማታውቀው ሰው ሁሉ ስትነግር ዋለች። ለታክሲ ሾፌር ሳይቀር! እኔም ብሆን ኮርቻለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። ከጎማ ቤቱ በላይ ያሉትን ክፍሎች ተከራይተህ፣ እንዳንተ መስማት ለማይችሉ ልጆች ሒሳብ ማስተማር ስትጀምር ያሾፈው ሰው ብዙ ነበር። ጎማ ሠሪው ራሱ ልጆቹን ለመጥራት ወለሉን በእግርህ በመታህ ቁጥር «ጣራው ራሴ ላይ ሊወርድ ነው» እያለ አበደ። በኋላ የራሱን የእህት ልጅ አመጣልህ። ለዚህ ሥራህ ሽልማት ቢያንስህ እንጂ አይበዛብህም።

ግን ሁለታችንም አንድ ነገር በሆዳችን ይዘን ነው ወደ አዳራሹ የሄድነው። ዩኒቨርሲቲው በዚህ ዓመት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎችን አሰናብቷል። ለመድረክ ሥራ፣ ለእንግዳና ለፎቶ ተብሎ አስተርጓሚ እኔ ብቻ ቀረሁ። መስማት የማይችሉት ተማሪዎች ክፍል ገብተው የአስተማሪውን ጢም ሲያዩ ይውላሉ። አንዳንዶቹ ትምህርቱን ጥለው ወደ ቤታቸው መሄድ ጀምረዋል።

አንተ የማታውቀው እኔ በዚህ ጉዳይ የፕሬዚዳንቱ ቢሮ ድረስ መመላለሴን ነው። መጀመሪያ በትህትና፣ ቀጥሎ በቁጣ። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። «የሚቀጥለው ዓመት በጀት» ይላሉ፤ ላም አለኝ በሰማይ። ለአንተ ያልነገርኩህ ቀንህን እንዳላበላሽብህ ብዬ ነው፤ ሽልማቱ ይለፍና እነግረዋለሁ አልኩ።

ሥራችን ደንብ አለው። ተናጋሪው ንግግሩን አስቀድሞ ለአስተርጓሚው ይሰጣል። አንተም ሰጠኸኝ። ንጹሕ የምስጋና ንግግር ነበር፤ ለመምህራን፣ ለእናቴ፣ ለእህቴ። «ለእህቴ» የሚለውን ሳነብ ዓይኔ እንባ እንዳቀረረ አልደብቅህም። መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩት።

አዳራሹን አንተም አይተኸዋል፤ አበባው፣ ትልቁ ስክሪን፣ እግር የሚውጠው ወፍራም ምንጣፍ። እኛ የምልክት ስም ያወጣንላቸው ሰዎች ሁሉ ፊት ላይ ተደርድረው ነበር። ፕሬዚዳንቱ «ክራቫት»፣ በተናገሩ ቁጥር የአንገታቸውን ማሰሪያ እያስተካከሉ። የፕሮቶኮሏ ሴት «ሰዓት»፣ የእጅ ሰዓቷን በጣቷ መታ መታ እያደረገች። ክራቫት ያንን የመስታወት ሽልማት ሰጡህ፣ አንተ መሬት ላይ አስቀመጥከውና እጅህን አነሣህ። እኔ ከጎንህ፣ ማይክሮፎኑ ፊት። የመጀመሪያዎቹን ዓረፍተ ነገሮች እንዳጠናሁት አልኳቸው። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈህ ኪስህ ከተትከው።

የምትለውን አስቀድሜ ሳላውቅ በአፌ ልትናገር እንደሆነ ገባኝ። አስተርጓሚ «እሱ እንዲህ ይላል» አይልም፤ «እኔ» ነው የሚለው። አንተ እኔን ሆነህ፣ እኔ አንተን ሆኜ። ሰው ሁለት ምላስ አለው ሲባል ስድብ ነው፤ የኔ ሥራ ግን ይኸው ነው።

«አመሰግናለሁ» አልኩ በአንተ ፈንታ። «ግን እኔ በተማርኩበት ክፍል ዛሬ የተቀመጡት ልጆች አስተማሪያቸው ምን እንደሚል አያውቁም። አስተርጓሚዎቻቸውን አሰናብታችሁ ለእኔ አበባ ገዛችሁ። በሩን ከኋላዬ ዘግታችሁ፣ በሩን በማለፌ ትሸልሙኛላችሁ።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ጸጥታውን አንተ ልትሰማው ስለማትችል ልንገርህ፤ ወንበር እንኳ አልተንቋቋም። ሰው ሁሉ እየሰማህ ነበር። እጅህ ፈጠነ፣ እኔም ፈጠንኩ፣ ደሜ ፈላ፣ እውነቱን ለመናገር ደስም አለኝ። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር ስለ እኔ ተናገርክ።

ያንን ከእጅህ ላይ አየሁት። ማለዘብ እችል ነበር። «እህቴም ተቸግራለች» ብል ማን ያውቃል? በዚያ አዳራሽ እጅህንም አፌንም አጥርቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እማዬ ፊት ረድፍ ላይ ተቀምጣ እኔን እኔን ታያለች። ልጆቿ ሁለቱም መድረክ ላይ የቆሙበት ቀን ነው።

«እህቴን አስቀርተዋታል» አልኩ፤ በራሴ አፍ። «ለእንግዳ ብቻ ከቁም ሳጥን እንደሚወጣ ሳህን፣ ለበዓል ቀን ያወጧታል። እሷም ይህን ሁሉ እያወቀች ደመወዟን ፈርታ ዝም ብላለች።»

አንዲት ቃል አላጎደልኩም፣ ወንድሜ። ሐሰት እንደሆነ እያወቅኩ፣ እናቴ እያየችኝ፣ ራሴን በራሴ አፍ ፈሪ አልኩ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔም ቀና ብዬ ቀጣዩን ጠበቅኩ።

ክራቫት ወደ ሰዓት ዘወር ሲሉ አየሁ። ሰዓት ወደ ኋላ፣ ወደ ድምፅ ሠራተኛው፣ እጇን አንገቷ ላይ አሳለፈች። ለዚህ ምልክት አስተርጓሚ አያስፈልግም። ልጁ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየ፤ ከዚያ ማይክሮፎኑ ሞተ። ተናገርኩ፣ ድምፄ ከከንፈሬ አላለፈም። የድምፅ ማጉያው መንዘሩን ሲያቆም በእግርህ ታውቀው ነበር፤ ያ የተረገመ ምንጣፍ ግን ምንም አላሳወቀህም። አንተ ቀጥለሃል። እጅህ እየተናገረ ነው፣ ማንም አይሰማህም።

እጄን አንስቼ «ቆይ፣ ማይኩ ጠፍቷል» ልልህ እችል ነበር። ግን ካቋረጥኩህ ነገሩ አበቃ። አንተ ዞረህ ሠራተኛውን ትፈልጋለህ፣ ክራቫት ተነሥተው «ይቅርታ፣ የቴክኒክ ችግር» ይላሉ፣ ጭብጨባ፣ አበባ፣ ቀጣይ ተሸላሚ። ስለዚህ ከመድረኩ ወረድኩ። በመቀመጫዎቹ መካከል ባለው መተላለፊያ እስከ አዳራሹ መሐል ሄድኩ። እጅህን ለማየት ፊቴን ወደ አንተ ማዞር አለብኝ፣ ጀርባዬ ለግማሹ ሰው ነው፤ እንዲሰሙኝ ደግሞ መጮህ አለብኝ። ጮኽኩ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ።

«ትናንት አንዲት ተማሪ እኔ ዘንድ መጥታ አለቀሰች!» አንተ ያልከው ነው። «ፈተናው መቼ እንደሆነ እንኳ የነገራት የለም!» አንተ ያልከው ነው።

ሰዓት ደርሳ እጅጌዬን ያዘች። «በቃሽ! አታፍሪም? ተቀመጪ!»

«መድረኩ ላይ ያለው ሰው ሲበቃው ይበቃኛል» አልኳትና ቀጠልኩ።

አንተ ያየኸው ግን ሌላ ነው። ባሰብኩት ቁጥር እንቅልፍ የሚነሣኝ ይኼ ነው። ስለ እኔ ክፉ ተናገርክ፣ ወዲያው እኔ ከጎንህ ጠፋሁ፤ ቀና ስትል አዳራሹ መሐል ቆሜ፣ ፊቴ ተኮማትሮ፣ የአንገቴ ሥር ተገትሮ፣ አፌን ከፍቼ ወደ አንተ ስጮህ አየኸኝ። በእኛ ቋንቋ ፊት የንግግር ግማሽ ነው፤ ያ ፊት ደግሞ የጠብ ፊት ነው። እህቴ በሕዝብ ፊት ልትሰድበኝ ወረደች አልክ። አንተን ብሆን እኔም እንደዚያው እል ነበር።

እጅህ ቀዘቀዘ። «እነዚህ ልጆች ነገ…» ብለህ፣ እኔም ብዬ ነበር። እጅህ አየር ላይ ቀረ፣ ከዚያ ወረደ። መስታወቱን እዚያው መሬት ላይ ትተህ በጎን በር ወጣህ።

ለምን እስካሁን እውነቱን የነገረህ ሰው እንደሌለ አስቤበታለሁ። ማይኩ መጥፋቱን የሰሙት ምልክት አያውቁም፤ ምልክት የሚያውቁት ተማሪዎች ደግሞ አልሰሙም። እነሱም አንተ ያየኸውን ነው ያዩት። እማዬማ የባሰ አደረገችው። ከኋላህ ሮጣ ደርሳ በዚያ ቤት ውስጥ በፈጠረችው ጥቂት ምልክቷ «እህትህ ጮኸች» አለችህ አሉ። ምን እንደጮኽኩ የምትነግርበት ምልክት አጥታ ነው እንጂ ልታስታርቀን ነበር፣ እናቴን!

አንተ ከወጣህ በኋላ ማይክሮፎኑ ነፍስ ዘራ። ክራቫት የአንገታቸውን ማሰሪያ አስተካከሉና «ወንድማችን ከደስታው ብዛት ንግግሩን መጨረስ አልቻለም» አሉ። ከአንገት በላይ የሆነ ጭብጨባ ተጨበጨበ። በዚያ ቀን ለአዳራሹ የራሴን ነገር የተናገርኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «አልጨረሰም፤ አቋረጣችሁት» አልኩ። ጭብጨባው ቆመ። አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ መጥተው «ልጄ፣ ‹እነዚህ ልጆች ነገ› ብሎ ምን ሊል ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ሌሎችም ከበቡኝ። ልገምት እችል ነበር፣ ዕድሜ ልኬን ነው እጅህን የማነበው። «አላውቅም» አልኳቸው። በሌላ ሰው ዓረፍተ ነገር ላይ ጨምሬ አላውቅም።

በማግስቱ ቁልፌን ተቀበሉኝ። ለዚህ አትዘን፤ እንዲያውም ቀለል ብሎኛል።

የሚያመኝ ሌላ ነው። ስለ እኔ ያልከው ሐሰት ነው፣ ያመኛልም። ከዚያ በላይ ያመመኝ ግን ውሸተኛውን ወረቀት መስጠትህ ነው። እውነተኛውን ንግግር ባነብ ጥዬህ እንዳልሄድ ፈርተህ፣ ወይም ለክራቫት እንዳላሳይብህ። እኔን! ያ ባለሱቅ ስድብ የሰደበህ ቀን ትዝ ይልሃል? ከወገቤ አታልፍም ነበር። «ምን አለ?» ብለህ ስትጠይቀኝ አንድም ሳላስቀር ነገርኩህ፣ አንተ አለቀስክ፣ እማዬ «ለምን ነገርሽው?» ብላ ገረፈችኝ። ከዚያ ወዲህ ያስቀረሁብህ ቃል አለ? አንዲት ካገኘህ ንገረኝ።

አሁን ስለ ማክሰኞ። ክራቫት የሚያስተረጉምልህ ሰው ራሳቸው አዘጋጅተዋል፤ ሰዓት ናት። አጭር ሥልጠና ወስዳለች። ባለፈው እንግዶችን «ተቀመጡ» ልትል ፈልጋ «ውጡ» ስትላቸው፣ ምስኪኖቹ ተነሥተው ሲወጡ አይተሃል። የእሷ አለማወቅ እንኳ ባልከፋ፤ ያወቀችውን ግን እያለዘበች ነው የምታቀርበው። አንተ «ልጆቹ ተባረሩ» ትላለህ፣ እሷ «ተማሪዎቹ ጥቂት ቅሬታ አላቸው» ትላለች፤ አንተም እሷ የምታሳይህን በጎ በጎውን ብቻ እያየህ ያቀረቡልህን ፈርመህ ትወጣለህ።

ማክሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ነኝ። ከእንግዲህ ሠራተኛቸው ስላልሆንኩ ዘበኛው አያስገባኝም፤ ሊያስገባኝ የሚችለው አንተ «የኔ አስተርጓሚ ይህች ናት» ብለህ ከጠቆምክ ብቻ ነው። ካልጠቆምክ አልለምንህም፣ ቤቴ እመለሳለሁ።

ከጠቆምክ ግን እነዚያ ልጆች ነገ ምን እንደሚሆኑ ፊታቸው ቆመህ ጨርሰው። ስለ እኔ ያልከውን መድገም ከፈለግህም ድገመው፤ ቃል ሳላጎድል እለዋለሁ። ከዚያ ወጥተን መንገድ ላይ እጣላሃለሁ። ያን ጊዜ የምናገረው የራሴን ነው።

እህትህ