የብርቄ ቦታ

ነቀምቴ፣ ሰኞ

ለምወድሽ የልጅነት ጓደኛዬ፣

አካም ጅርታ? ፈያዳ? አንቺም፣ ልጅሽ ፌኔትም፣ እናትሽ አዴ ድርቤም እንዴት ሰነበታችሁ? ጉልበታቸውስ ተሻላቸው? እኔና ልጄ ሩክያ፣ አልሃምዱሊላህ፣ ጤነኞች ነን። ስልክሽ ይጠራል፣ አይነሳም። ዛሬ ደውዬ ደውዬ ሲታክተኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። ወደ ሲሬ የሚመላለሰው ሾፌር ነገራ በእጅሽ ይሰጥሻል።

«የድልድዩ ልጆች»ን እንዴት ትረሺዋለሽ። ኪራሙ ሳለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አባትሽ ኦቦ ታፋ ጄኔሬተሩን ሲያስነሱ፣ አንድ አጎዛ ላይ ተጣብቀን የምናየው የቴሌቪዥን ድራማ። የድራማው ጀግና ብርቄ ድልድዩን ስትሻገር ትንፋሻችንን እንይዝ ነበር። አማርኛው ሲያመልጥሽ በጆሮሽ በኦሮምኛ እነግርሽ ነበር።

ያ ድራማ በኦሮምኛ እንደ አዲስ ሊሠራ መሆኑን፣ ልጆቹም ነቀምቴ ላይ እንደሚመረጡ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ፌኔትን አስመዘገብሽ። እኔም ሩክያን አስመዘገብኩ፤ ቅጹ ላይ ግን ስሟን ሊሊሴ ብዬ ጻፍኩ። ከኪራሙ ሸሽተን ስንወጣ መንገድ ላይ ስማችንን የጠየቁንን ሰዎች አልረሳኋቸውም፤ ፈራሁ። ለአንቺም አልነገርኩሽም። የስሙን ነገር ያየሽው ውጤቱ ከፎቶ ጋር ሲለጠፍ ነው። ሩክያ የብርቄን ቦታ አገኘች፣ ፌኔት ሁለተኛ ወጣች። እንኳን ደስ አላችሁ ብለሽ ሳምሽን። ከዚያ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም።

ባለፈው ዓርብ ዳይሬክተሩ ገለታ አስጠራን። አዳራሹ ውስጥ አራት ዳኞች ተቀምጠዋል። የጸሐፊው ስም የሌለበት ደብዳቤ ደርሷቸው ኖሮ ገለታ ጮክ ብሎ አነበበው። ልጅቷ ሊሊሴ አይደለችም፣ ቤተሰቧ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው ይላል። መጨረሻው ላይ ደግሞ፣ እናትየዋም በልጅነቷ ጓደኛዋን አህያ እያደረገች የብርቄን ቦታ ለማንም አትለቅም ነበር ይላል።

ድራማውን በጓሯችሁ ስንጫወት ከሁለታችን ሌላ ሰው አልነበረም። አማርኛሽ ይሰበራል እያልኩ አንድም ቀን ብርቄን እንድትሆኚ አልፈቀድኩልሽም። የብርቄ አህያ ሆነሽ በዳዴ ስትሄጂ ጀርባሽ ላይ ተቀምጬ እስቅ ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያንን ጨዋታ እንደ ጥሩ ትዝታ ነበር የያዝኩት።

ገለታ እውነት ነው ወይ ሲለኝ፣ አፌን ሳልከፍት ሩክያ ተነሳች። ሩክያ እባላለሁ፣ የተወለድኩት ኪራሙ ነው፣ ሊሊሴ ያለችኝ እናቴ ስለፈራች ነው አለች፣ በኦሮምኛ። ከዳኞቹ አንዷ፣ ኬኔ የምትባለው፣ እኛ ልጆች ሳለን በዚያ ድራማ ውስጥ በቋንቋችን የሚናገር አንድ ልጅ አላየንም፣ ሕዝቡ ይህን ያህል ዘመን ጠብቆ አሁን ምን ልንለው ነው አለች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ፣ ታዲያ ይህቺ ልጅ የምትናገረው ቋንቋ የማን ነው አላት። ተጨቃጨቁ። ኬኔን ልቆጣት አልቻልኩም፤ የምትናገረው ስለ አንቺ መሰለኝ።

ውጭ ሦስት ሰዓት ጠበቅን። ሩክያ እጄን አልያዘችም። ስሜ ምን አደረገሽ አለችኝ።

በመጨረሻ ገለታ ወጥቶ ውሳኔውን ነገረን። ሩክያና ፌኔት በእውነተኛ ስማቸው ኃሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንደገና ይፈተናሉ። ያልመጣች ቀረች። አንቺ ጋ ቢደውሉ አላነሳሽም፤ እኔ አደርሳለሁ አልኩ። ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው ትጠረጥሪያለሽ ወይ ሲለኝም፣ አላውቅም አልኩት።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ቅዳሜንና እሑድን ሳልደውልልሽ የቆየሁት ዝም ልል አስቤ ነው። ዝም ብል ፌኔት ትቀራለች፣ ቦታውም ለልጄ ይጸናል። ዛሬ ጠዋት ሩክያ ለፌኔት ነገርሻት ወይ ስትለኝ ነው ስልኩን ያነሳሁት።

ረቡዕ ፌኔትን ይዘሽ ነይና እኛ ቤት እደሩ። ሩክያ የፈተናውን ጽሑፍ ለፌኔትም ገልብጣላታለች። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ መናኸሪያው በር ላይ ነኝ፤ የመጨረሻው መኪና ከሲሬ እስኪገባ አልሄድም።

ፈጣሪ ቤትሽን ይጠብቅልሽ፤ ለአዴ ድርቤ ጉልበት፣ ለፌኔት ዕድሜ ይስጥልኝ። ለእኔም ፊትሽን ያሳየኝ።

በድዬሽ የኖርኩት እህትሽ